ምስጋና የወረደባቸው ገመድ ያዦች

አገሩን አታውቁትም። ብታውቁትም አላውቀውም በሉ፤ እኔም የት እንደሆነ ብትጠይቁኝ ወዲያ ማዶ ነው ብዬ እጄን አወናጭፋለሁ እንጂ አልናገርም። ነፋሱ ከማለዳ እስከ ማታ የሚያፏጭበት፣ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ዘው ብሎ የሚገባበት አገር ነው። ንጉሥ አለው። ንጉሥ ካለ ሕግ አለ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነውና ሕጉ ምን ቢከፋ እሰጥ አገባ የሚገጥመው የለም።

ከሕጎቹ ሁለቱን ልብ በሉልኝ፤ ሌላው ቢጠፋችሁ ግድ የለም። አንደኛው፣ ምሰሶ የንጉሥ ነው ይላል። ከግቢውና ከመቅደሱ በቀር ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት መሐል ምሰሶ ማቆም ክልክል ነው፤ «ምሰሶ ያቆመ ነገ ዙፋን ያቆማል» ብለው የጥንት መሳፍንት ፈርተዋል። ሁለተኛው፣ መሬት የንጉሥ ነው ይላል። ካስማ የተከለ ሰው፣ ካስማው የጣት ያህል እንኳ ብትሆን፣ ርስት እንደጠየቀ ይቆጠርበታል። በዚያ አገር ሰው ፍየሉን በእጁ ይዞ ይውላል እንጂ ችካል መትቶ አያስርም። እናንተ ሳቁ፤ እነሱ ግን አይስቁም ነበር።

ታዲያ የዚያ አገር ሰው ጨዋታ ወዳድ ነው። ማሲንቆ ሲመታ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ተውኔት ከታየ ደግሞ ራቱን ይረሳል። የሚሰበሰብበት ቤት ግን ከየት ይምጣ? ምሰሶ የለ፣ ካስማ የለ፣ ዝናቡ ግን አለ! ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ክብ የድንጋይ ግንብ ካቡ። ግንብ አልተከለከለም፤ ከልካዩ ሹም ዘንግቶት ይሆናል። ከየቤቱ ያረጀ ጨርቅ ለመኑ፤ የሙሽራ ቀሚስ፣ የወታደር ካፖርት፣ የእህል ጆንያ፣ ያለቀ ጋቢ፣ ያገኙትን ሁሉ ሰፍተው አንድ ትልቅ ጣራ አወጡለት። በጣራው ዳር ዙሪያውን ገመድ አሰሩ፤ ገመዱን በግንቡ አናት አሻግረው ወደ ውጭ ጣሉት። እዚያ ሰው ይይዘዋል። ሁሉም እኩል ሲስብ ጣራው እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ ዝናቡም ተንሸራቶ ይወርዳል። አንዱ ከላላ ግን ጨርቁ ይረግባል፣ ውሃው መሐል ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወዲያ ከሥር ለተቀመጠው ወዮለት።

እናንተዬ፣ ይህን ነገር አስቡት እስቲ! ቤት ሙሉ ሰው ይዘፍናል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ከራሱ በላይ ያለውን ጣራ ደግሞ ክንድ ነው ተሸክሞ የያዘው። የሰው ክንድ ብቻ።

ገመድ ያዦቹ ገመዱን በትከሻቸው አሳልፈው፣ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ጨዋታውን አያዩትም። ከፊታቸው ያለው የገብስ ማሳና የገበያ መንገድ ነው። ይሰማሉ እንጂ አያዩም። ውስጥ ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ ጣራው ይርገበገባል፣ ገመዱም በትከሻቸው ላይ ይንዘረዘራል፤ ያን ጊዜ እነሱም ምን እንዳሳቀ ሳያውቁ ይስቃሉ።

ማን ቀጠራቸው? ማንም። ማን አዘዛቸው? ኧረ ወዲያ፣ ማዘዝ እዚያ አይታሰብም! ና ያዝ ብሎ መለመንም ነውር ነው። ልማዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ገመድ ያዥ ሚስቱ ምጥ ይዟት ይሁን፣ ትከሻው ዝሎ ይሁን፣ ወይም እንዲያው ሰልችቶት፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ጠራ ያደርግና «አንዴ ያዝልኝ፤ መጣሁ» ይለዋል። መንገደኛው ይይዛል። ያኛው ይሄዳል። አንዳንዱ ሲመሽ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ከመከር በኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ እየመጣ ነው።

ሽታዬም የገባችበት በዚሁ ነው። በርበሬ ነጋዴ ነበረች። አንድ የገበያ ቀን በርበሬዋን በአህያ ጭና ስታልፍ አንድ የሚያስለው ሰውዬ «እቴ፣ አንዴ ያዢልኝ፤ መጣሁ» አላት። ያዘች። አህያዋ ብቻዋን ገበያ ደርሳ ብቻዋን ተመለሰች። ሰውዬው አልመጣም። ሽታዬ መጀመሪያ ረገመችው፤ ከዚያ ማሲንቆው ጀመረና መርገሟን ትታ ሰማች፤ ከዚያማ ቀረች። በየጨዋታው ቀን በርበሬዋን ለጎረቤት ሰጥታ እየመጣች ያንኑ ገመድ ትይዛለች። «እስቲ ያ ሰውዬ ይምጣና ልልቀቅለት» ትላለች ለሚጠይቃት። ደግ ሴት ናት፣ አፏ ግን ሚጥሚጣ ነው።

ጎኗ ያለውን ገመድ የሚይዘው አያ ውቤ የሚባል ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ሁለቱም ወደ ማሳው እያዩ ነው የሚነታረኩት፤ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ቆመው አንዳቸው የሌላውን ጆሮ እንጂ ፊት በቅጡ አያውቁም።

ሽታዬ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ስንዱ ትባላለች። ያገባች፣ ቅርጫት ሰፍታ የምታድር ሴት ነበረች። ስንዱ በጨዋታ ቀን በሩ ላይ ትቆምና ውስጥ የሚሆነውን እያየች ለእናቷ ታወራላት ነበር። «አሁን ባልየው አልጋ ሥር ተደበቀ፤ አሁን ሚስትየዋ መጥረጊያ አነሣች!» ሽታዬ ጨዋታውን ሁሉ በስንዱ ዓይን ነው ያየችው። በዚያ ዓመት የክረምቱ ብርድ ሲጠና ስንዱን ሳንባዋን አመማት፤ ሳትሰነብት ሞተች። ሽታዬ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ከዚያም በሚቀጥለው የጨዋታ ቀን መጥታ ገመዷን ያዘች። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። የዚያን ቀን ተውኔቱ ምን እንደነበረ አታውቅም።

አሁን ደግሞ የስም ቀን የሚባለውን ልንገራችሁ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በሱ ነው። በዚያ አገር በዓመት አንድ ቀን፣ በክረምቱ ማብቂያ፣ በዓመቱ ውስጥ የሞቱ ሰዎች ሁሉ ስማቸው በዚያ ጣራ ሥር በዜማ ይጠራል። በሞቱበት ተራ፣ አንድ በአንድ፣ ዘመድ እየቆመ። በዚያ ቀን ስሙ ያልተጠራ ሰው ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ለሕፃን አይሰጥም፣ ለቅሶ ላይ አይነሣም፣ እናት እንኳ በአፏ አታወጣውም። ሜዳ ላይ ይጠራ እንዳይባል፣ ጣራ በሌለበት የተጠራን ስም ነፋስ ይወስደዋል ይላሉ። በዚያ ዓመት በተራው መጨረሻ ላይ ያለችው ስንዱ ነበረች።

እንግዲህ የስም ቀን ጥቂት ሲቀረው ንጉሡ ከአደን ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ከጋራው አናት ላይ በቅሏቸውን ገታ አድርገው ቁልቁል ሲያዩ፣ ያ ጣራ በዝናቡ መሐል ተነሥቶ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ሲተነፍስ አዩ። ዙሪያውን ሰዎች በዝናብ ርሰው ቆመዋል። ከውስጥ ዘፈን ይሰማል። ንጉሡ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ።

«ማን አዘዛቸው?» አሉ።

«ማንም፣ ጃንሆይ።»

«ማን ይቀልባቸዋል?»

«ማንም፣ ጃንሆይ።»

መኳንንቱ ደነገጡ። በዚያ አገር ሥራ ሁሉ ወይ በትእዛዝ ወይ በቀለብ ነው የሚሠራው። አንዱ መስፍን «ሳይታዘዝ የሚይዝ እጅ ሳይታዘዝም ይመታል፤ ይቆረጥ» አለ። ሌላው «የለም፣ እብዶች ናቸው፤ ጠበል ይግቡ» አለ። ንጉሡ ግን እንባቸው ቅርር አለ። ክፉ ንጉሥ አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ። «ይመስገኑ!» አሉ። «እንዲህ ያለ ሰው ሳይመሰገን ቢቀር አገሩ ያፍርብኛል፤ ይመስገኑ!»

አያችሁ፣ ጉዱ የፈላው ይኼኔ ነው። የንጉሥ ቃል መሬት አይወድቅምና በማግሥቱ ሊቀ ምስጋና የሚባል ሹመት ተፈጠረ፤ ለደባልቄ ተሰጠ። ሊቀ ምስጋና ደባልቄ ለስለስ ያሉ፣ ጢማቸውን የሚያበጥሩ፣ የጣታቸው ጥፍር ከነጭ ሽንኩርት የነጣ ሰው ናቸው። ከሥራቸው ምንጣፍ አንጣፊ ተሾመ፤ እምቢልታ ነፊ ተሾመ፤ ተመስጋኙ አንገቱን እንዳያዘነብል የሚያቀና አንገት አቅኚ ተሾመ፤ ምስጋናው ሲነገር ተመስጋኙ በወጉ ማልቀሱን የሚመለከት እንባ ጠባቂም ተሾመ። ለሁሉም ቀለብ ተቆረጠላቸው። ለምን መሰላችሁ? ቀለብ የሌላቸውን ሰዎች ለማመስገን!

ከዚያ ነጋሪት ተጎሰመ።

«ስማ! ያልሰማህ ከሰማ ስማ! ገመድ ያዥ የሆንህ ሁሉ በስም ቀን ጠዋት ግቢ ቀርበህ ትመሰገናለህ። አንድም ሳይጎድል! የንጉሥ ምስጋና በባዶ እጅ ነው የሚቀበሉት፤ በእጁ ነገር የያዘ አይመሰገንም። የቀረ ምስጋና ረጋጭ ነው። ምስጋና ረጋጭ የወጣበት ግንብ ይፈርሳል!»

«በስም ቀን?» አለች ሽታዬ ገመዷን እንደያዘች። «አያ ውቤ፣ በስም ቀን ነው ያለው ወይስ ጆሮዬ ነው?»

«ጆሮሽስ ደኅና ነው። የደነቆረው እሱ ነው።»

«ታዲያ ጣራውን ማን ይይዘዋል?»

«ምስጋናው ይይዘው ይሆናል» አለ ውቤ።

ሽታዬ የዚያን ቀን አልሳቀችም። በማግሥቱ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ፣ ውቤን አስከትላ ግቢ ሄደች። ሊቀ ምስጋና ደባልቄ እጅግ በአክብሮት ተቀበሏት፤ አመሰገኗት። ቁጭ በይ ብለው አመሰገኗት፤ ስለተቀመጠች አመሰገኗት።

«ጌታዬ፣ ቀኑ ይቀየርልን» አለች። «የስም ቀን የሙታን ቀናችን ነው። እኛ ከሄድን ጣራው ይወድቃል። ልጄ አለችበት።»

«ልጅሽ ጣራው ላይ ናት?»

«ስሟ፣ ጌታዬ። የልጄ ስም። ያን ቀን ካልተጠራ እኔም ሁለተኛ አልጠራት።»

ሊቀ ምስጋና አዘኑ፤ የእውነት አዘኑ። «እኔስ ደስ ባለኝ፤ ግን ንጉሡ ሊያመሰግኑበት የቆረጡትን ቀን የሚቀይር ፈጣሪ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ምስጋናው ይቅርና አንዲት ምሰሶ ይፍቀዱልን። አንዲት! ጠማማም ብትሆን እኛ እናቃናታለን። ከዚያ ገመዱን ትተን እንመጣለን፣ እንደወደዳችሁ አመስግኑን።»

ደባልቄ በደረታቸው ላይ እጃቸውን አኖሩ። «ምሰሶማ ለኛም አልበቃን፣ እመት። ምስጋና ግን ሞልቷል። የፈለጋችሁትን ያህል!»

ሽታዬ ወጥታ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ ፈጥና ተራመደች። ከዚያ «አያ ውቤ፣ ይሄ ምስጋና እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው» አለች።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። አመሰጋገኑን ያስተምሩ ተብለው አንገት አቅኚው በቅዳሜው ጨዋታ ቀን ወደ ግንቡ ወረዱ። ገመድ ያዦቹ ገመዳቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ውስጥ ተውኔት አለ። አንገት አቅኚው መሐል መንገዱ ላይ ቆመው፣ በትራቸውን አንሥተው፣ «የተመስጋኝ አቋቋም! አንገት ቀና! ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ መዳፍ የተዘረጋ!» ብለው ጮሁ። አብዛኛው ሰምቶ እንዳልሰማ ዝም አለ። በምሥራቅ በኩል የነበሩት ግን የሹም ቃል ሲሰሙ ሰውነታቸው ቀድሞ የሚታዘዝ ጨዋ ሰዎች ናቸውና እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ጣራው በዚያ በኩል ዷ ብሎ ወረደ! የቆየ የዝናብ ውሃ ከነጨርቁ በተዋንያኑ ላይ ተዘረገፈ። ከበሮ መቺው ጭንቅላቱ ተፈነከተ፣ አንዲት እርጉዝ ሴት ተረግጣ በተአምር ተረፈች። ጩኸቱ ሲበርድ አንገት አቅኚው ግንባራቸውን ጠረጉና «አነሣሡ ጥሩ ነው፤ አንገት ላይ ግን ይቀራችኋል» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ገመድ ያዦቹ ተሰብስበው መከሩ። ውቤ «እንሂድ» አለ። «አንድ ዓመት ስም ሳይጠራ ቢቀር ይቅር። ግንቡ ከፈረሰ ለዘላለም ነው የሚቀረው።» የሚለው እውነት ነበር። ሽታዬ ተነሣች። «አንተ ስሙ የሚጠራልህ ሰው አለህ ወይ በዚህ ዓመት? እኔ አለችኝ። አንድ ዓመት የምትለው የእኔ ስንዱ ናት። ሂዱ፤ እኔ ብቻዬን እይዘዋለሁ።» ብቻዋን ያን ጣራ! ስብሰባው እንዲሁ ሳይቋጭ ተበተነ፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ገባ።

የስም ቀን ነጋ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሽታዬ ገና ጎህ ሲቀድ መጥታ ገመዷን አነሣች፤ ትከሻዋ ላይ አሳልፋ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ብቻዬን ነኝ ብላ ነበር። ከጎኗ ግን ጉሮሮ ሲጠራረግ ሰማች።

«አንተ ግቢ አልሄድህም?»

«ልሄድ ነበር» አለ ውቤ። «እግሬ ወደዚህ ወሰደኝ።»

ቀስ እያለ ከዙሪያው ሁሉ የገመድ ሲጢጥታ ተሰማ። አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ማንም ማንንም ሳያማክር መጡ። ጣራው ከመሬት ተነሣ፣ ተንሳፈፈ፣ ተወጠረ። ሽታዬ የዚያን ጠዋት የምታመሰግንበት ቃል አጣች። ምስጋናም ቢሆን በዚያ ሰሞን ስሙ ጠፍቶ ነበር።

ሕዝቡ ገባ። ሽማግሌው አዝማሪ አጎናፍር ማሲንቆውን ቃኘና የመጀመሪያውን ስም ጠራ። ዝናቡም ጀመረ። ስም ይጠራል፣ ዘመድ ይቆማል፣ ሕዝቡ አዝማቹን ይቀበላል፣ ገመዱ ይንዘረዘራል። ሽታዬ በልቧ እየቆጠረች ነበር፤ ይሄ የአንጥረኛው ነው፣ ይቺ የመንታዎቹ እናት ናት፣ ከሷ በኋላ ጥቂት ይቀራል፣ ከዚያ ስንዱ።

እምቢልታው የተሰማው ያኔ ነው።

ሊቀ ምስጋና ደባልቄ ከነጭፍሮቻቸው በመንገዱ ብቅ አሉ። ምንጣፍ አንጣፊው ጭቃው ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ አንገት አቅኚው በትራቸውን ይዘዋል፣ ከኋላ ዶማና መዶሻ የያዙ ወታደሮች አሉ። ደባልቄ በሽታዬ ፊት ቆሙ፤ ጢማቸው በዝናብ ተጣብቆ ሌላ ሰው መስለዋል።

«እመት፣ ንጉሡ ከማለዳ ጀምረው ቆመው ይጠብቃሉ። ምስጋናው በአፋቸው ቀረ! አሁኑኑ ትመጣላችሁ፤ አለዚያ ግንቡ ይፈርሳል። አዝናለሁ፣ እጅግም አመሰግናለሁ፣ ግን ይፈርሳል።»

«ከነሰዉ?» አለች ሽታዬ።

ደባልቄ የረጠበ ጢማቸውን ጠረጉ። ወታደሮቹ ዶማቸውን አነሡ። ከውስጥ አጎናፍር ሌላ ስም ጠራ።

ሽታዬ ተንኮል አስባ አይደለም፤ ይህን እማልላችኋለሁ። ጨንቋት ነው። በዚያ አገር ሰው ሲጨንቀው ከአፉ የሚወጣው ያው የለመደው ነው። «እሺ ጌታዬ፣ እንመጣለን። በባዶ እጅ ነው ያላችሁት አይደል? እንግዲያው እጄን ባዶ ላድርግ። እስቲ ይቺን አንዴ ያዙልኝ» አለችና ገመዱን በነጩ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

ሊቀ ምስጋና ያዙ። ምን ያድርጉ? ቢለቁት በሰው ላይ ይወርዳል፤ እሷ እንድትይዘው ቢያዙ ደግሞ በእጁ ነገር የያዘ አይመሰገንም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። ገመዱ ሲጎትታቸው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ያለው ሕዝብ አዝማቹን ተቀበለና ገመዱ በእጃቸው ውስጥ ተንዘረዘረ። ደባልቄ ፊታቸው ተለወጠ። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰው ነው» አለች ሽታዬ። «አይልቀቁት። መጣሁ።»

ውቤ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ ለአንገት አቅኚው «ጌታው፣ አንዴ ያዙልኝ» አላቸው። በግንቡ ዙሪያ ሁሉ ያችው ቃል ተስተጋባች። እንባ ጠባቂው ያዘ፣ እምቢልታ ነፊው ያዘ፣ ወታደሮቹ ዶማቸውን ጭቃው ላይ ጥለው ያዙ። ግንቡን የማፍረሱ ትእዛዝ እስከ ዛሬም አልተሻረም ይባላል፤ የሚፈጽመው ባዶ እጅ ግን ያኔም ታጣ፣ አሁንም አልተገኘም።

ገመድ ያዦቹም በባዶ እጃቸው ወደ ግቢ ሊሄዱ ተነሡ። ግን መንገዱ በበሩ በኩል ነው የሚያልፈው። በሩ ደግሞ ክፍት ነው። ሽታዬ ቆም አለች፣ ዞር አለች፣ ገባች።

ወይ ግሩም! እንዴት ልንገራችሁ? ያን ሁሉ ዘመን ስትይዘው የኖረችውን ነገር ከሥሩ ሆና አይታው አታውቅም። ቀና ብላ አየች። ብርሃኑ በሙሽራዋ ቀሚስ በኩል ሮዝ ሆኖ፣ በጋቢው በኩል ወተት ሆኖ፣ በጆንያው በኩል ወርቅ ሆኖ ይወርዳል። ዝናቡ ከላይ ይወቅጠዋል፣ አንዲት ጠብታ አታልፍም። ከሥሩ ያ ሁሉ ሰው፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልብሱ ሳይርስ ተቀምጧል። ይሄን ነው ተሸክሜ የኖርኩት? አለች በልቧ። እኔ ገመድ የያዝኩ ነበር የመሰለኝ። ውቤም ከጎኗ አፉን ከፍቶ ያያል፤ ጡረተኛው ወታደር እንባው ይወርዳል። ያን ጊዜ ነው የውቤን ፊት በቅጡ ያየችው፤ ጠባሳ አለበት።

አጎናፍር ከመጨረሻው በፊት ያለውን ስም ጨረሰ። ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ቀጥሎ ስንዱ ናት።

ያኔ ዝናቡ ተቆጣ። በረዶ ቀላቀለ። የሹማምንቱ እጅ ለምዶት አያውቅም፤ ጣራው መርገብ ጀመረ፣ ውሃው መሐል ላይ ሆዱን ነፍቶ ተንጠለጠለ። ከውጭ የደባልቄ ድምፅ «አልለቅም! አልለቅም! ግን አልቻልኩም!» ሲል ተሰማ። ሕዝቡ ተንጫጫ። ሽታዬ ወደ አጎናፍር አየች፣ ወደ ጣራው አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ወደ በሩ ዞረች። ልጄን ሳልሰማት ልቀር ነው እያለች፣ እንባዋ እየወረደ ነው የዞረችው፤ ግን ዞረች።

አንዲት የማታውቃት ሴት ተነሥታ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። «የት ነው የምትሄጂው፣ እመት? ቁጭ በይ!» አለቻት። «አምና የእናቴን ስም እዚህ ተቀምጬ ስሰማ ማን ይዞልኝ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። አምላኬን፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።» ብላ ሮጣ ወጣች። ከኋላዋ ባሏ ወጣ። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ ተነሣ። ዘመናቸውን ሲያዩና ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች፣ ገመድ ነክተው የማያውቁ፣ የከበሩትም የተዋረዱትም፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ፣ በበሩ ተጋፍተው ወደ ዝናቡ ወጡ። በአንዱ ገመድ ላይ አሥር እጅ፣ ሃያ እጅ ተረባረበ። ውቤ ከሁሉ በኋላ ወጣ፤ ዞር ብሎ «አንቺ እዚያው ቁጭ በይ! ዛሬ ተራሽ አይደለም!» ብሎ ተቆጣት።

ጣራው ተነሣ። ከዚያ በፊት ማንም ባላየው ከፍታ ተነሣ። የቋጠረው ውሃ እንደ ፏፏቴ በግንቡ ላይ ተገልብጦ ወረደ። በመንገዱ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ካባ የደረቡ ሰው፣ ሹሞቻቸውን ፍለጋ ብቻቸውን የመጡ ናቸው ይላሉ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት «አባባ፣ አንዴ ያዙልኝ» ብትላቸው አብረው ያዙ፤ በዝናቡ ማንም አላወቃቸውም። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ እውነቱን ያዩት ይናገሩ።

ውስጥ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አጎናፍርና ሽታዬ። ያን የሚያህል አዳራሽ ባዶውን ቀረ። አጎናፍር ማሲንቆውን እንደያዘ ዙሪያውን ቃኘ፤ ባዶ አግዳሚ ብቻ ነው።

«እመት ሽታዬ፣ ሰዉ ሁሉ ወጣ» አላት። «የልጅሽን ስም ማን ይስማው? እስኪመለሱ ልጠብቅ?»

ሽታዬ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«የለም፣ አትጠብቅ። ሁሉም ይሰማሉ፤ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው እንዴት እንደሚሰማ እኔ አውቃለሁ። ጥራት።»